የእናቴ እጅ ሲኒ አልይዝ አለ

«ሰላም ሲስተር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። እናቴ 56 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ከመንዝ አምጥቻት አብራኝ ትኖራለች። ከመስከረም ወዲህ ሁለቱም እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። ቡና ስትቀዳ ሲኒው ይንጫጫል። አንድ ቀን ማኅበር ላይ ደፋችው፤ ከዚያ ወዲያ ማኅበር መሄድ ተወች። ከስታለችም። ጾሙ ነው ብዬ ነበር፤ ፋሲካ አልፎም መክሳቷ አልቆመም። ደግሞ በደንብ ትበላለች። ሌሊት እኔ ብርድ ልብስ ስደራርብ እሷ ጋቢውን ገፍታ ትጥላለች። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ‹ነርቭ ነው› ብለው መርፌ ወጓት፤ ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ባሏ ፓርኪንሰን አለበትና ‹የኔን ሰውዬ ይመስላል› ብላ ከሱ ኪኒን አሥር ፍሬ ሰጠችኝ። ታላቅ ወንድሜ ጸበል እንውሰዳት ይላል። አንገቷ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት አለባት፤ እሱ ግን አያማትም። ምን ላድርግ? ቡና መቅዳትስ ልከልክላት?»

ውድ እህቴ፣

ከኪኒኑ ልጀምር። ለእናትሽ ካልሰጠሻቸው አትስጪ። ሰጥተሽ ከሆነም እዚህ ላይ ይቁም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ግን ስንት ፍሬ እንደወሰዱ ተናገሪ። ጎረቤትሽ ክፉ አላሰበችም፤ ከባሏ አፍ ነጥላ ነው የሰጠችሽ። ኪኒኑ ሌቮዶፓ ሳይሆን አይቀርም፤ የፓርኪንሰን ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ባሏ ያንን ኪኒን በሰዓት ቆጥሮ ነው የሚውጠው። አንዱ ሲዘገይበት እግሩ መሬት ላይ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። እናትሽ ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽና ማዞር ሊያመጣ፣ የደም ግፊታቸውንም ሊያወርድ ይችላል። ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ማዞር ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬውኑ አሥሩንም መልሺላት።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ከሁሉ በላይ የያዘኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። «እንቅርት አለባት፤ እሱ ግን አያማትም» ብለሻል። እኔ ብሆን ደብዳቤውን የምጀምረው በሱ ነበር።

በደብዳቤ በሽታ አይመረመርም። ግን የጻፍሽውን ደርድሬ ሳየው፣ ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጣሉ፤ እየበሉ ይከሳሉ፤ ሌላው ሲበርደው እሳቸውን ይሞቃቸዋል፤ የቆየ እንቅርት አለ። እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓርኪንሰንን አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትን ነው።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠች፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት እጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። ጀበና ጥደሽ ከሰሉን ያለ እረፍት ብታራግቢው ምን ይሆናል? ፍሙ ይቀላል፣ ቡናው ይገነፍላል፣ ከሰሉም ቶሎ አመድ ይሆናል። ሆርሞኑ ሲበዛም እንደዚያ ነው። ልብ ይሮጣል። ሰውነት ይግላል፣ ያልበዋል። የተበላው ሁሉ ይቃጠላል። እንቅልፍ ይሸሻል። ሰው በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል፣ ሆድ ይብሰዋል። እጅም ይንቀጠቀጣል።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ፤ አስተውዪልኝ። እናትሽ ደረጃ ሲወጡ ከስንተኛው ፎቅ ላይ ያርፋሉ? ከበርጩማ ሲነሱ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይደግፋሉ? ሆርሞኑ ሲበዛ የጭን ጡንቻ ይደክማል። ብዙ ሰው ይህን «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። 56 ዓመት ግን እርጅና አይደለም።

«ከልጅነቷ ያለ እንቅርት እንዴት ዛሬ ያማታል?» ትይኝ ይሆናል። መንዝ ደጋ ነው። በደጋው አገራችን ብዙ ቦታ አፈሩ አዮዲን ያጥረዋል፤ የዘመናት ዝናብና ጎርፍ አጥቦ ወስዶታል። እጢዋ አዮዲን ሲያጥራት ያገኘችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ታብጣለች። እንቅርት የምንለው እሱ ነው። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እናትሽ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ እንቅርቱ ቀድሞ ገብቷል። እንዲህ ለብዙ ዓመታት ያበጠች እጢ ውስጥ ጉብታዎች ይፈጠራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ከጉብታዎቹ አንዳንዶቹ የአንጎልን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። በራሳቸው ፈቃድ ሆርሞን ማምረት ይጀምራሉ። አርባ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ እንቅርት የሚነሳው በዚህ መንገድ ነው።

ሌላም ዓይነት አለ፤ ግሬቭስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ራሱ እጢዋን እየጎተጎተ ሆርሞን የሚያስመርትበት ነው። ከእናትሽ ያነሱ ሴቶች ላይ ይበዛል። ዓይናቸው እንደ መፍጠጥ ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። አዮዲን ለረጅም ጊዜ ያጣች እጢ በድንገት አዮዲን ስታገኝ አንዳንዴ ሆርሞን ታበዛለች። ይህን ሰምተሽ አዮዲን ያለውን ጨው ከቤት እንዳታወጪ! ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ለምትወልጃቸው ልጆች አንጎልም ያስፈልጋል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪው፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቂው፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪው። ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አዮዲን መጠጣት ግን ፈጽሞ አይሞከር።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልታዪው የምትችይው ነገር አለ። እናትሽን በደንብ በሚታይ ብርሃን አስቀምጫቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፉ። ስለ መንዝ አጫውቻቸው፤ የልባቸውን ሲያወሩ እጃቸውን ይረሱታል። አንቺ እጁን ተመልከቺ። አሁን ይንቀጠቀጣል ወይስ አርፏል? ከዚያ ሁለቱንም እጅ ወደ ፊት ይዘርጉ፣ ጣታቸውን ይክፈቱ። ጣቶቻቸው ላይ አንድ ወረቀት አኑሪ። ወረቀቱ በፍጥነትና በስሱ ከተርገበገበ ጻፊው። መጨረሻ ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ወደ አፋቸው ይውሰዱ።

የታይሮይድ መንቀጥቀጥ ፈጣንና ስስ ነው። ሁለቱም እጅ ላይ ይመጣል፤ እጅ ሲዘረጋ ይታያል። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባንድ ወገን ነው። ቀስ ያለ ነው፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ኪኒን የሚያድቦለቡሉ ይመስላል። ዋናው ምልክቱ ደግሞ እጅ ባረፈበት መምጣቱ ነው፤ ሰውየው ዕቃ ሲያነሳ ይቀንሳል። የእናትሽ እጅ ግን የሚያስቸግራቸው ሲቀዱ ነው። በዚያ ላይ ፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ሰው ይዘገያል። ቁልፍ ለመቆለፍ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ሲራመድ አንድ እጁ አይወዛወዝም። ፊቱ ፈገግታ ያጣል። የእጅ ጽሕፈቱ እያነሰ ይሄዳል። አንዳንዱ መንቀጥቀጡ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት ሽታ መለየት ያቆማል። እናትሽ የቡናው ጢስ ይሸታቸዋል? ጠይቂያቸው።

ሦስተኛም አለ። ከቤተሰብ የሚወረስ መንቀጥቀጥ ነው። አያትም፣ እናትም፣ ልጅም እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሲቀዱና ሲጽፉ ይብሳል፤ ግን አያከሳም፣ አያሞቅም። የእናትሽ እናት ወይም ወንድሞቻቸው እንዲህ ነበሩ እንዴ?

የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይርበዋል። ስለ እናትሽ ስኳር አልጻፍሽም። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም፣ ማስመለስን ለማቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣሉ። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ዕቃውን እንዳለ ይዘሽ ሂጂ።

የልብ ምታቸውንም ቁጠሪ። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ ሁለት ጣትሽን በአውራ ጣታቸው በኩል የእጅ አንጓቸው ላይ አድርጊ፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። የሦስት ቀን ጻፊ። ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አመታቱም ይታይ። ድም፣ ድም፣ ድም እያለ እኩል ነው የሚሄደው? ወይስ አንዱ ቶሎ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ የተዘበራረቀ ነው? የተዘበራረቀ ከሆነ ሦስት ቀን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው በምክንያት ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ሁለት ዓመት «ነርቭ» ሲባሉ ኖረዋል። የቫይታሚን ቢ መርፌ ስንት ጊዜ እንደተወጉ እኔም አላስታውስም። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። አክስቴ እየከሱ፣ ልባቸው እየዘለለ፣ «ነርቭ ነው፣ ሐሳብ ነው» እየተባሉ ነበር። እንቅርታቸውን ያየ ሁሉ እንደ አንገት ጌጥ ለምዶት ነበር። መጨረሻ ላይ ልባቸው አመታቱ ተዛብቶ ደም ረጋ፤ ግራ እጃቸው ሰነፈ። የታይሮይድ ምርመራ የታዘዘላቸው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቱቦ ደም ነበር የሚበቃው።

«ነርቭ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ለሁሉም ይሰጣል። ለጀርባ ሕመም ነርቭ፣ ለጭንቀት ነርቭ፣ ለእግር መቃጠል ነርቭ። መርፌው የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት ላለበት ሰው ይጠቅማል፤ እሱን አልክድም። ከታይሮይድ የመጣን መንቀጥቀጥ ግን አያቆምም። እናንተም አይታችሁታል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላችሁ መነሻው እዚያ ነው፤ ሪፈር ሳትይዙ ሆስፒታል ብትሄዱ መድህኑ እንደ ልብ አይሸፍንላችሁም። ሐኪሙ ፊት «እጇ ይንቀጠቀጣል» ብለሽ ብቻ እንዳታቆሚ። «እየበላች ከሳች፣ ይሞቃታል፣ ሁለቱም እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የቆየ እንቅርት አለባት፤ የታይሮይድ ምርመራ ቢታዘዝላት» በዪ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ምርመራው ቲኤስኤች ይባላል። አብሮት የሆርሞኑን የራሱን መጠን የሚያሳዩት ፍሪ ቲ-4፣ ሲቻል ቲ-3 ይሠራሉ። እዚያው ካልተሠራ ውጭ ላብራቶሪ ይጽፉላችኋል። ውጤቱን ስታዪ ግራ እንዳይገባሽ፦ ቲኤስኤች የሚመጣው ከታይሮይድ ሳይሆን ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ ነው። ታይሮይድን «አምርቺ» ብሎ የሚያዝ እሱ ነው። ታይሮይድ ካበዛች ማዘዙን ይተዋል፤ ስለዚህ በሽታው ሲበረታ የቲኤስኤች ቁጥር ይወርዳል። ብዙ ሰው ዝቅ ያለውን ቁጥር አይቶ «እጢዋ ደክማለች» ይላል። ተቃራኒው ነው።

ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን እናትሽ ይወስዳሉ እንዴ? አንቺ ገዝተሽላቸው ከሆነ ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ይቁም። የላብራቶሪውን ውጤት ያሳስታል፤ ጤነኛውን ሰው ታይሮይድ የበዛበት ያስመስላል። ከደም ምርመራው ጋር የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ይሠራላቸው። የጾም ስኳርም አብሮ ይታይ።

ታይሮይድ ሆኖ ከተገኘ ደስ ይበልሽ። ይህን ስል ከልቤ ነው፤ የሚታከም ነገር ነውና። ሆርሞኑን የሚቀንስ ኪኒን ይሰጣቸዋል፤ ሐኪሞች በአጭሩ ፒቲዩ የሚሉት ወይም ሜቲማዞል። የልብ ትርታውንና መንቀጥቀጡን ቶሎ የሚያበርድ ፕሮፕራኖሎልም ሊጨመርላቸው ይችላል። አስም ካለባቸው ግን ቀድመሽ ተናገሪ፤ ፕሮፕራኖሎል ለአስም አይሆንም።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። በፕሮፕራኖሎሉ እጅ በቀናት ውስጥ ያርፋል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ዳነች» ይልና ሁሉንም ኪኒን ያቆማል። ዋናው መድኃኒት ግን ሥራውን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። ደም ተመልሶ የሚታየውም ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሙ ሳይል ምንም አይቁም።

ከዚህ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እባክሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። ኪኒኑን እየወሰዱ ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስል ከመጣ፣ «ጉንፋን ነው» ብለሽ ዝንጅብል አታፍዪ። ሆርሞን የሚቀንሰውን ኪኒን አቁመሽ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰጃቸውና የነጭ ደም ሴል ይቆጠርላቸው። መድኃኒቱ ከስንት አንድ ሰው ላይ ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ዓይናቸው ቢጫ ቢሆን ወይም ሽንታቸው ቢጠቁርም እንዲሁ። ጉበት ሊሆን ይችላል።

እንቅርቱ ጉብታ ያለው ከሆነ ኪኒኑ ያረጋጋዋል እንጂ አይነቅለውም። ስለዚህ ወደፊት ስለ ቀዶ ሕክምና ወይም ስለ ጨረር አዮዲን (ሆስፒታል የሚሰጥ፣ የበዛውን እጢ የሚያደክም ሕክምና) ታወራላችሁ። ሁለቱም ጥሩ መንገድ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «ለምን ቶሎ አይቆርጡላትም» ብለሽ አትበሳጪ።

ቲኤስኤች ደህና ከሆነስ? ያኔ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ጠይቂ። ጥቁር አንበሳ የሆርሞንም የነርቭም ክፍል አለው። ግን በራስሽ ሮጠሽ ኤምአርአይ፣ ማለትም የአንጎል ፎቶ፣ አታስነሺያቸው። ፓርኪንሰን የሚታወቀው ሐኪም ጥሩ አድርጎ ሲመረምር ነው፤ አረማመዱን፣ የእጅ ግትርነቱን፣ ፍጥነቱን አይቶ። ፎቶው የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው። ለፎቶ ብለው የዓመት ቁጠባ አራግፈው ለመድኃኒት የቸገራቸውን አይቻለሁ።

ወንድምሽን አትጣዪው። ጸበሉን እናትሽ ከፈለጉት ይሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል ተናግረው ነበር፤ ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። ደሙ ቀድሞ ይሰጥ። ኪኒን ከተጀመረም አይቋረጥ። ልባቸው እየሮጠ ደግሞ በባዶ ሆድ፣ በጎሕ ብርድ፣ ረጅም ሰዓት መቆም ይከብዳቸዋል፤ ይህን ለአጥማቂው አባት ንገሯቸው። ወንድምሽ ራሱ ይዟቸው ጤና ጣቢያ ቢሄድ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር። መኪና የሚይዘውም፣ ሰልፍ የሚቆመውም እሱ ይሁን።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ጋደም ሲሉ ከታፈኑ፣ እግራቸው ካበጠ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይም አንድ ጎናቸው ከሰነፈ፣ ኃይለኛ ትኩሳት መጥቶ ከተቃዡ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከፎቅ ለማውረድ ሁለት ጎረምሳ ጎረቤት ቀድመሽ ተነጋገሪ።

ቡናውን አልረሳሁትም። አትከልክያቸው። እናትሽ ባላቸውን ቀብረው፣ አገራቸውን ትተው ነው አንቺ ጋ የመጡት። ቡና ማፍላቱን ከወሰድሽባቸው እቤትሽ ውስጥ ምን ይቀራቸዋል? ሆርሞኑ እስኪስተካከል እሳቸው አንድ ሲኒ ብቻ ይጠጡ፤ ቡናው የልብ ምቱንም መንቀጥቀጡንም ያባብሳል። ይቁሉት፣ ይውቀጡት፣ ያፍሉት። አነስ ያለች ጀበና ግዢላቸው፤ ስትሞላም የማትከብዳቸው። ሲቀዱ ክንዳቸውን ጎናቸው ላይ አስጠግተው ይሁን። ሲኒው ግማሽ ብቻ ይቀዳ። በሚቀጥለው ማኅበር ደግሞ አንቺ አብረሻቸው ሂጂና አጠገባቸው ተቀመጪ፤ እሳቸው ይቅዱ፣ አንቺ አድዪ።